የአሸንዳ አበባ፤ የሚደርቅበት ምክንያትና የሚድንበት መንገድ

የኢትዮጵያ ደጋ አበባ የበዛበት አገር ነው። ክረምት ሲወጣ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ብጫ ይሆናል። አደይ አበባ ግን የአንድ ወቅት እንግዳ ናት፤ አብባ፥ ዘሯን ጥላ፥ ወዲያው ትደርቃለች፤ በሚመጣውም ዓመት ከወደቀው ዘር ሌላ አዲስ ትበቅላለች። ሌላ ዓይነት አበባ ደግሞ አለ፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ እንደ ገና ሳይዘሩት ከዓመት ወደ ዓመት የሚኖር ነው። ቅጠሉ ቢጠወልግ፥ አገዳውም ቢደርቅ፥ ሕይወቱ በምድር ውስጥ በሥሩ ተጠብቆ ይቆያል። እንዲህ ካሉት አበቦች አንዱ አሸንዳ ነው፤ አበልቢላ ብለው የሚጠሩትም አሉ።

አሸንዳ በሰሜን ተራራ፥ በባሌ ተራራ፥ በሌላውም ደጋ ይበቅላል። የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,050 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ብርዳም አገር ነው። ቅጠሎቹ ረጃጅሞች ሆነው ጫፋቸው እንደ ጎራዴ የሾለ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በመካከሉ ታጥፎ ቦይ ይመስላል፤ የቤት ክዳን ውሃ የሚወርድበትን አሸንዳ ያየ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ያስተውለዋል። ከቅጠሎቹ መካከል ወፍራም አገዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በአገዳውም ራስ ላይ ትንንሽ መለከት የሚመስሉ ብዙ አበቦች ተጠጋግተው ይሰካሉ። ከታች ያሉት አስቀድመው ይከፈታሉ፥ ከላይ ያሉት ኋላ ይከተላሉ። እንቡጡ ቀላ ያለ ሲሆን የተከፈተው ወደ ብጫ ስለሚለወጥ፥ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው በሜዳው ላይ ችቦ የተተከለ ይመስለዋል።

ይህ አሸንዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም። ዘመዶቹ ግን 70 ያህል ናቸው፤ የሚበዙት በደቡብ አፍሪካ ይበቅላሉ፥ ጥቂቶችም በማዳጋስካርና በየመን ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ የጀርመን ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፀዋትን እየሰበሰበ ወደ አገሩ ይልክ ነበር፤ በኢትዮጵያም ብዙ ዘመን ኖሮ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ ሞተ። እርሱ ከላካቸው ዕፀዋት ብዙዎቹን መርምሮ ስም ያወጣላቸው ሆክሽቴተር የተባለው ሊቅ፥ በ1844 ዓ.ም. ይህን አሸንዳ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል ክኒፎፍ ለተባለ የጀርመን ሐኪም መታሰቢያ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ቅጠለ ብዙ ማለት ነው።

አሸንዳ ለሰው ዓይን ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በአበባው ውስጥ ጣፋጭ ውሃ አለ፤ ቀጭንና ቆልመም ያለ መንቁር ያላት ትንሽ ወፍ በአገዳው ላይ ቆማ ይህን ትጠጣለች። ስትጠጣም የአበባው ዱቄት በራሷ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ በሄደች ጊዜ ዱቄቱን ታደርስለታለች፥ በዚህም አበባው ዘር ይይዛል። እንዲህ ካሉት ወፎች አንደኛዪቱ በሊቃውንት መጽሐፍ በተከዜ ወንዝ ስም ትጠራለች። የወንዱ ላባ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን እንደ ሐምራዊ ሐር ያብረቀርቃል። የአሸንዳ ሥር ደግሞ በተራራ ዳር ያለውን አፈር ጨብጦ ይይዛል። ስለዚህ አንድ አሸንዳ በከንቱ ተነቅሎ ሲደርቅ የሚጐዳው የነቀለው ሰው ብቻ አይደለም።

በደባርቅ አጠገብ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ በሕይወት ሳለች፥ በክረምት መውጫ ከገበያ ስትመለስ፥ ከእርሻ ዳር አንድ የአሸንዳ አገዳ ቆርጣ እያመጣች በቤቱ ምሰሶ ላይ ታስረው ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ልጅቱ ከእናቷ አባት ጋር ትኖር ጀመር። ዓመት ተመልሶ አሸንዳው በእርሻው ዳር አብቦ ባየችው ጊዜ የእናቷ ነገር ትዝ አላት። «በየዓመቱ እያበበ እንዳየው በደጃችን እተክለዋለሁ» ብላ አሰበች።

መቆፈሪያ ይዛ ሄደችና አበባው እንዳለ ነቅላ አመጣችው። በደጁ ዝቅ ካለው፥ የዝናብ ውሃ ከሚቋጠርበት ስፍራ ጉድጓድ ቆፍራ እስከ ቅጠሉ አጋማሽ ድረስ ቀበረችው። እንዲበረታ ብላ ከበረት ትኩስ ፍግ አምጥታ ከመረችበት፤ ጧትና ማታም ውሃ አጠጣችው። በሦስተኛው ቀን አገዳው ጎነበሰ። ወሩ ሳይፈጸም ቅጠሎቹ ከሥራቸው እየተላቀቁ ወደቁ።

ልጅቱም እያለቀሰች ወደ አያቷ ሄዳ፥ «አያቴ ሆይ፥ እኔ ይህን ያህል ስወደው፥ እናቴም ትወደው የነበረ አበባ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ምን ሞተብኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ተክል ያለ ምክንያት አይሞትም። ማልቀስሽን አልከለክልሽም፤ ነገር ግን ልቅሶሽን ከፈጸምሽ በኋላ ሥሩን አውጪና እንየው፤ የገደለውን ነገር ራሱ ይነግረናል» አሏት። ሥሩም በወጣ ጊዜ ጠቍሮና ላሽቆ ተገኘ፤ ሽታውም ክፉ ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው እያገላበጡ ጥፋቶቹን አንድ በአንድ አስረዷት።

የመጀመሪያው ጥፋት ያለ ጊዜው መንቀል ነው። አሸንዳ በሚያብብበት ጊዜ ኀይሉን ሁሉ ለአበባው ይሰጣል። ቅጠሎቹም ብዙዎች ስለ ሆኑ ፀሐይና ነፋስ ከእነርሱ ውሃ ይወስዳሉ፤ ሥሩ ደግሞ የተወሰደውን ከምድር እየጠጣ ይተካል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሥሩ ተቈርጦ ከተነቀለ፥ የሚወጣው ውሃ ብዙ፥ የሚገባው ግን ጥቂት ይሆናል፤ ተክሉም ይጠወልጋል። ሰዎች አበባው እጅግ ባማረበት ቀን ሊነቅሉት ይፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞትባቸውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ተክሉ መዛወር ካለበት፥ ዝናብ ጀምሮ ምድር በራሰበት በሰኔ ወር፥ አገዳው ሳይወጣ ይዛወር። ሲቈፈርም ከተክሉ ራቅ ብሎ ዙሪያውን መቈፈርና ሥሩን ከነአፈሩ ማውጣት ይገባል። እስኪተከል ድረስ ሥሩን በርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፥ የቅጠሎቹንም እኩሌታ መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ቅጠል ሲያንስ የሚጠፋው ውሃ ያንሳልና። ከተተከለም በኋላ ጥቂት ቀን ከቀትር ፀሐይ በቅጠል ወይም በሰሌን ማስጠለል ይጠቅመዋል። በዚያ ዓመት ላያብብ ይችላል፤ ይህም ሕመም አይደለም፥ ሥሩን እየሠራ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ጥፋት ጥልቅ ተከላና የተኛ ውሃ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ አሸንዳን የሚገድለው ይህ ነው። ቅጠልና ሥር የሚገናኙበት ወፍራም ስፍራ የተክሉ እምብርት ይባል። አዲስ ቅጠልና አዲስ አገዳ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሰው አፍንጫው ቢታፈን እንደሚሞት፥ አሸንዳም እምብርቱ በጭቃ ወይም በፍግ ቢታፈን ይበሰብሳል። ቦይ የመሰለው ቅጠል የዝናብን ውሃ ወደ እምብርቱ ያወርደዋል፤ በተራራ ዳር ያለ እንደ ሆነ ውሃው ወዲያው ያልፋል። በዋልካ ወይም በጉድጓድ የተተከለ እንደ ሆነ ግን ውሃው እዚያው ይተኛል፥ ሥሩም አየር አጥቶ ይሞታል። ብዙ ውሃ ማጠጣት ለእንዲህ ያለው ተክል ፍቅር መስሎ የሚታይ ጉዳት ነው።

የበሰበሰውን ከጤነኛው ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከመካከል ያለውን ለጋ ቅጠል በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ መሳብ ነው። ጸንቶ ቢይዝ እምብርቱ ደኅና ነው። ያለ ድካም ተመዝዞ ቢወጣና ታችኛው ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቢሸት ብስባሴ ገብቶአል። ከታች በዳር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ብጫ ሆነው ቢደርቁ ግን ሊያስፈራ አይገባም፤ እነርሱ ዘመናቸውን ፈጽመው የሚሄዱ ናቸው።

ብስባሴው ጥቂት ከሆነ ተክሉ ይድናል። ነቅሎ ማውጣት፥ የላሸቀውን ክፍል ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ቢላዋ መቍረጥ፥ አንድ ቀን በጥላ አቈይቶ ቍስሉን ማድረቅ፥ ከዚያም በሌላ ስፍራ መትከል ነው። አዲሱም ስፍራ ተዳፋት ይሁን፤ ተዳፋት ባይገኝ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት፥ ከአፈሩ ጋር ጠጠር መቀላቀል፥ ከመደቡ ግርጌም ውሃ የሚወጣበት ቦይ መቅደድ ይገባል። እምብርቱ ከምድር ጋር ትክክል ይሁን እንጂ አይቀበር። ፍግ ቢያስፈልግ የቈየና የበሰለ ይሁን፥ ከእምብርቱም አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይበተን።

ልጅቱ ይህን ሰምታ በልቧ አኖረችው። የበሰበሰው ተክል ግን ምንም ጤነኛ ክፍል ስላልተገኘበት አልዳነም። አያቷም፥ «ሁለተኛ ከመንቀል ዘር መልቀም ይሻላል፤ ዘር የሚለቅም ሰው እናቲቱን ከነሥሯ ይተዋታል» አሏት። እርሷም አበባው ረግፎ ፍሬው እስኪደርቅ ጠበቀች። የአሸንዳ ፍሬ ትንሽ ናት፤ በውስጧ ሦስት ክፍል አላት፥ ስትደርቅም ትሰነጠቃለች። ያን ጊዜ በውስጧ ያለው ጥቍር ዘር ይለቀማል። ልጅቱ ከሦስት አገዳ የአንዱን ብቻ ለቀመች፤ የቀሩትን ለሜዳው ተወች።

ሦስተኛው ጥፋት በዘሩ ላይ የሚሠራ ነው። ዘሩ ትንሽ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ስንቅ ጥቂት ነው። እንደ ባቄላ ጥልቅ ተደርጎ ቢቀበር ቡቃያው ብርሃን ሳያይ ስንቁ ያልቅበታል። በሜዳ ላይ ተበትኖ ቢተው ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ በስባሪ ገንቦ ወይም በእንጨት ሣጥን፥ ከታች ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ አበጅቶ፥ በላመ አፈር ላይ መዝራት፥ ላዩንም በስሱ ማልበስ ይሻላል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ይቈይ፥ ነገር ግን አይጨቅይ። ቡቃያው ለመታየት ሦስትና አራት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይቈያል። በዚህ መካከል አፈሩን እየቈፈሩ በቀለ አልበቀለም ብሎ መመልከት ሥር መስደድ የጀመረውን ዘር ይገድለዋል።

ልጅቱ ዘሩን በሰኔ መጀመሪያ በደጁ መደብ ላይ ዘራች፤ የዘራችበትንም ምልክት አላደረገችም። አንድ ወር አለፈ። በመደቡ ላይ ቀጫጭን ሣር ብቻ በቅሎ አየች። «ይህ ሣር ዘሬን እንዳያንቀው» ብላ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ሁሉንም ነቀለችው። አያቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የተነቀለውን ክምር አዩ፤ አንዱን አንሥተው በእጃቸው ላይ አኖሩትና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ይህ ሣር አልነበረም» አሏት።

የአሸንዳ ቡቃያ በልጅነቱ ሣር ይመስላል። የሚያስተውል ሰው ግን ይለየዋል፤ የሣር ቅጠል ቀጭንና ደረቅ ነው፥ የአሸንዳ ቡቃያ ቅጠል ግን ወፈር ያለና በመካከሉ የታጠፈ ነው፤ ሲያድግም እንደ ሣር አንጓ ያለው አገዳ አያወጣም። ይህን መለየት ለማይችል ጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ዘሩን በመስመር መዝራትና በመስመሩ ጫፍና ጫፍ እንጨት መትከል ነው። በመስመሩ ላይ የበቀለው ይተው፥ ከመስመሩ ውጭ ያለው ይታረም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የቸኮለ አራሚ ግን የነቀለውን መልሶ ሊተክለው አይችልም።

ልጅቱ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልመጣላትም። በማግሥቱ አያቷ ከዘሩ እኩሌታውን በጨርቅ ቋጥረው አስቀምጠውት እንደ ነበረ ነገሯት። «ዘር ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አይዘራም» አሏት። እርሷም የቀረውን በስባሪ ገንቦ ውስጥ በመስመር ዘራች፥ እንጨትም ተከለችበት። ከ20 ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቡቃያ ታየ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ቡቃያዎቹ አንድ ስንዝር ባደጉ ጊዜ፥ በሚቀጥለው ሰኔ፥ ሰባቱን መርጣ በመደብ ላይ ተከለቻቸው።

አራተኛው ጥፋት ያለ ጊዜው አበባ መፈለግ ነው። ከዘር የበቀለ አሸንዳ ለማበብ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያስፈልገዋል። በዚህ ዘመን ውስጥ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ በምድር ውስጥ ግን ሥሩን እያወፈረ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ታመመ ብሎ ፍግ ይጨምርለታል። ፍግ ሲበዛ ግን ቅጠሉ ይወፍራል፥ አበባውም ይዘገያል። ዕድሜው ደርሶ ሳለ አላብብ ያለ እንደ ሆነ ግን ሌላ ምክንያት መመርመር ይገባል።

አንዱ ምክንያት ጥላ ነው። አሸንዳ የሜዳ ልጅ ስለ ሆነ ፀሐይን ይወዳል። በባሕር ዛፍ ሥር የተተከለ እንደ ሆነ በሁለት ወገን ይጐዳል፤ ዛፉ ከላይ ብርሃኑን ይከለክለዋል፥ ከታችም ውሃውን ይሻማዋል። መድኃኒቱ ወደ ገላጣ ስፍራ ማዛወር ነው። ሁለተኛው ምክንያት መጨናነቅ ነው። አሸንዳ በዕድሜ ብዛት ከጎኑ ልጆች ያወጣል፤ ልጆቹ ሲበዙ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ፥ አበባውም ያንሳል። ያን ጊዜ በሰኔ ወር ተክሉን አውጥቶ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ በቂ ሥር አስቀርቶ፥ ለያይቶ መትከል ነው። ሥር የሌለው ልጅ ግን ቢተከል አይጸድቅም። ሦስተኛው ምክንያት አገዳው በሚወጣበት ጊዜ የሚደርስ ድርቅ ነው፤ እንቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል። ዝናብ ሲቀር በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ ሥሩ ድረስ ማጠጣት ይበልጣል፤ ላዩን ብቻ የሚጠጣ ተክል ሥሩን ወደ ጥልቅ አይሰድምና።

አምስተኛው ችግር ከሰው ጥፋት ሳይሆን ከአየርና ከትንንሽ ተባይ የሚመጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፥ በጥርም፥ በደጋ አገር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ያረጁት ቅጠሎች ምንም ቢያስጠሉ ውርጩ እስኪያልፍ አይቈረጡ፤ ለእምብርቱ ልብስ ይሆኑታልና። በክረምት ቀንድ አውጣ ሌሊት ወጥቶ ለጋውን ቅጠል ይበላል፤ ማለዳ ተነሥቶ መልቀምና የሚሸሸግበትን ድንጋይ ከአጠገቡ ማንሣት ይበቃል። ክሽክሽ በአገዳው ላይ ተከማችቶ ቢታይ በጣት አብሶ በውሃ ማጠብ ነው። ወደ ቆላ የተወሰደ አሸንዳ ግን ሙቀቱ ስለማይስማማው በማናቸውም መድኃኒት አይበረታም፤ እርሱን በአገሩ መተው ይሻላል።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የአገር ሰው ከጥንት ጀምሮ የአሸንዳን ሥር ለሆድ ቍርጠትና ለቍስል መድኃኒት ያደርገው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ኤርምያስ ዳኜና ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከዚህ ተክል ክኒፎሎን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ነገር ግን መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ከመርዝ አይለይም፤ ስለዚህ ልጆች ሥሩን ሊያኝኩት አይገባም። ደግሞም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ የተጠበቀ ስፍራ ነው፤ ከዚያ ተክል መንቀል አይገባም። ዘር የሚፈልግ ሰው ከእርሻ ዳርና ከመንደር አጠገብ፥ ባለመሬቱን አስፈቅዶ፥ ከጥቂት አገዳ ብቻ ይልቀም።

የአሸንዳን ሕመም በአጭሩ ለማስታወስ እንዲህ ይባላል። አዲስ የተተከለው ቢጠወልግ፥ ሥሩ ተቈርጦአልና ቅጠሉን ቀንሶ ማስጠለል። የመካከሉ ቅጠል ተመዝዞ ቢወጣ፥ ውሃ ተኝቶበታልና አውጥቶ ከፍ ባለ ስፍራ መትከል። ዘሩ ባይበቅል፥ ጥልቅ ተቀብሮ እንደ ሆነ መመርመር። ቅጠሉ ወፍሮ አበባ ባይሰጥ፥ ዕድሜውን መቍጠር፥ ፍጉን መቀነስ፥ ከጥላ ማውጣት። አሮጌው ተክል አበባው ቢያንስ፥ ልጆቹን ለያይቶ መትከል።

ልጅቱ ከተከለቻቸው ከሰባቱ ችግኞች ሁለቱን ቀንድ አውጣ በላቸው፤ አንዱን ጥጃ ረገጠው። አራቱ ቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት አላበቡም፥ በሁለተኛውም አላበቡም። የመንደር ልጆች «ሣር ተካይ» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እርሷ ግን የመካከሉን ቅጠል በቀስታ እየሳበች ጽናቱን ትመረምር ነበር። በሦስተኛው ዓመት በክረምት መውጫ ከአንደኛው መካከል አገዳ ወጣ። በመስከረም አንድ ማለዳ የታችኞቹ አበቦች ተከፈቱ። አያቷ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ እጃቸውን ይዛ ወደ ደጁ አወጣቻቸው፤ ሽማግሌውም አገዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። በዚያ ጊዜ አንዲት ጥቍር የምትመስል ትንሽ ወፍ መጥታ በአበባው ላይ አረፈች፤ ፀሐይም በላባዋ ላይ አብረቀረቀ። ሁለቱም ዝም ብለው ቆሙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተክሉ ከጎኑ ልጅ ባወጣ ጊዜ፥ ልጅቱ በሰኔ ወር ከነሥሩ ለይታ፥ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፥ እናቷ ወደ ተቀበረችበት ስፍራ ወስዳ ተከለችው። እምብርቱን አልቀበረችውም፤ ፍግም አልከመረችበትም። በዚያ ዓመት አላበበም፤ እርሷም አላለቀሰችም።

እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ተክል የሚኖርበትን ሕግ ሰጥቶታል። ያን ሕግ ሳያውቁ መውደድ ብቻውን ተክልን አያሳድግም፤ አንዳንድ ጊዜም ይገድለዋል። ሕጉን ጠይቆ፥ ጥፋቱን መርምሮ፥ ጊዜውን ታግሦ የሚወድ ሰው ግን የተከለውን ያያል። ተክልም ሆነ ወዳጅ፥ ከብትም ሆነ ታናሽ ወንድም፥ ለሁሉም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መጠየቅ የፍቅር መጀመሪያ ነው።

ጥያቄዎች
1. አሸንዳ ከአደይ አበባ በምን ይለያል?
2. የተክሉ እምብርት የሚባለው የትኛው ነው? ቢቀበር ምን ይሆናል?
3. ልጅቱ በመጀመሪያው ተከላ ስንት ጥፋት ሠራች? አንድ በአንድ ይነገር።
4. የአሸንዳ ቡቃያ ከሣር በምን ይታወቃል?
5. ሽማግሌው የዘሩን እኩሌታ ስለ ምን አስቀመጡት?
6. ከመንቀል ይልቅ ዘር መልቀም ስለ ምን ይሻላል?